የአየለች ዓይንና የጫኖው ዕርቅ

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ቀድሜ ልንገራችሁ። የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ የምማር የሁለተኛ ዓመት ሐኪም ነበርኩ። የሚሌኒየሙ ጭፈራ ካበቃ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤታችን አዲስ አበባ ቢሆንም ተማሪዎቹን በየተራ ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበርና ለእኔ አርባ ምንጭ ደረሰኝ። ጓደኞቼ "እሷማ ወደ እናቷ ቤት ሄደች" ብለው አፌዙብኝ። እውነታቸውን ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ሲሆን እኔ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ተወልጄ እዚያው ያደግሁ ነኝ። ጋሞኛዬ ግን የገበያ ጋሞኛ ነው፤ ሙዝ እገዛበታለሁ፣ ሰላምታ እለዋወጥበታለሁ፣ ብሰደብም ይገባኛል። ከዚያ አያልፍም።

ጠባዬንም ልናገር። ችኩል ነኝ። ነገር የሚያንዛዛ ሰው ፊት መቀመጥ ያመኛል። አስተማሪዬ ዶክተር ታደሰ፣ "አንቺ እኮ በሽተኛው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል መድኃኒት ትጽፊያለሽ" ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ዓይን የሚታይ ነገር ነው፣ አይቼ ካወቅሁት ምን ያስወራኛል እል ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከጴጥሮስ ጋር ኦቾሎ ወጥተናል። ጴጥሮስ የዓይን ነርስ ነው፤ የጋሞ ደጋ ልጅ፣ ለእኔ ደግሞ አስተርጓሚ፣ መካሪና ቀልደኛ። ሥራችን የዓይን ሞራ የጋረዳቸውን ሰዎች ለይተን ለቀዶ ሕክምና ወደ ከተማ ማውረድ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ደርድረን፣ በሩቅ የሚነበበውን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅለን ጀመርን። ሞራ አለ፣ የዐይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው አሉ፣ በአለርጂ ዓይናቸውን የሚያሹ ልጆች አሉ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መሬቱ ጨቅይቷል።

ከሰልፉ ጎን ጋቢ የለበሰ፣ እጁ በሽመና የለሰለሰ ጎልማሳ ቆሞ ነበር። ተራው ሳይሆን ወደ ጠረጴዛችን ተጠጋ።

"ዶክተር፣ ለራስ ምታት መድኃኒት አለ?"

"እኛ ከቅንድብ በላይ አንወጣም፣ ወንድሜ" አለው ጴጥሮስ።

"ሚስቴ ነው። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ራሱን ይዞ ያለቅሳል። ያስመልሰዋል። ጎረቤት የወባ ክኒን ሰጠ፣ እሱንም አስመለሰው።"

የአገሩ ሰው አማርኛ ሲናገር አንዳንዴ ሴቷን በወንድ ይጠራል፤ አርባ ምንጭ ያደገ ጆሮ ለምዶታል። ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት ልነግረው አፌን ከከፈትኩ በኋላ አንድ ነገር ያዘኝ።

"ዓይኗስ? ቀልቷል?"

"ቀልቷል። እሱማ ከማልቀስ ነው።"

"አንዱ ነው ሁለቱም?"

"አንዱ። ሌላውማ አምና ሞቷል፤ እንዲህ ሲያመው ሰንብቶ ጠፋ።"

መብራቴን ይዤ ተነሳሁ። ጴጥሮስ ሰልፉን አየና እኔን አየኝ። "ሰልፉ ይጠብቅ" አልኩት። የሰውየው ስም አንጁሎ፣ የሚስቱ አየለች ነው።

ኦቾሎ ቋጥኝ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ አንዱ ጎኑ ግድግዳ፣ ሌላው ጎኑ ገደል ነው፤ ከሥር አባያ ሐይቅ ቡናማ ውኃውን አንጥፎ ይታያል። እዚያ መንደር ዓይኑ የጠፋ ሰው ከደጁ አይወጣም። አንጁሎ ከፊቴ እየሄደ ሚስቱ በአንዷ ዓይኗ ጥጥ እንደምትፈትል፣ እሱም የሚሸምነው የእሷን ፈትል እንደሆነ ነገረኝ።

አየለች ጨለማ ጥግ ተኝታ፣ ግንባሯን በነጠላ ጠፍራ አስራ ታቃስታለች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በሩን አስከፍቼ ቀኝ ዓይኗን ገለጥኩ። ነጩ ደም መስሏል። ጥቁሩ ላይ እንፋሎት የነካው መስታወት የመሰለ ጭጋግ አለ። ብሌኗ በመጠኑ ሰፍቶ ቆሟል፤ መብራቱን ባስጠጋም ባርቅም አይንቀሳቀስም። ዓይኗን አስጨፍኜ በሁለት ጣቶቼ በስሱ ተጫንኩ። ጤነኛ ዓይን ሲጫኑት እሺ ይላል። ይሄኛው ያልበሰለ ማንጎ ነው። ጣቶቼን ከፊቷ ስቆጥርላት አላየችም፤ እጄን ሳወዛውዝ ብቻ "የሆነ ነገር አለ" አለች።

በመጽሐፍ ስንት ጊዜ ያነበብኩትን፣ በሕይወቴ ግን ከዚያ በፊት ያላየሁትን ነገር እያየሁ ነበር። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ውኃ አለ፤ የሚወጣበትም ጠባብ መንገድ አለው። መንገዱ ድንገት ሲዘጋ ውኃው ይጠራቀማል፣ ዓይኑ ይነፋል፣ ከኋላ ያለው ነርቭ ይታነቃል። ግላኮማ ከሚባለው በሽታ ድንገተኛው ዓይነት ነው። ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል፤ ስለዚህ ሰው ወባ ነው፣ ጨጓራ ነው ይላል። ነርቩ ሲሞት ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። አምና የጠፋው ዓይኗም በዚሁ እንደሄደ አልተጠራጠርኩም።

ሣጥናችን ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድም ነገር አልነበረም። የትራኮማ ቅባት አለ፣ ማደንዘዣ አለ፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አለ፤ ይኸኛው ለእሷ መርዝ ነው።

"አሁኑኑ ወደ አርባ ምንጭ እንሄዳለን" አልኩ።

ጴጥሮስ ተረጎመ። አየለች ዓይኗን እንደጨፈነች ረጅም ነገር ተናገረች። ጴጥሮስ ቶሎ አልተረጎመልኝም።

"ምን አለች?"

"አልሄድም አለች።"

"ለምን?"

"ጎሜ ነው ትላለች።"

ሲቀላ ስላደግሁ ቃሉን አውቀዋለሁ። ሰው ሥርዓት ጥሶ፣ ተጣልቶ፣ በደል ሠርቶ ሳይናገር ሲቀር የሚመጣበት ጣጣ ነው። የሚፈታው ሽማግሌ ፊት የሆድን አውጥቶ በመታረቅ ነው። አየለች ከገዛ ወንድሟ ጋር ተኳርፋ ዓመታት አልፈዋል። "አንዱ ዓይኔ በዚህ ሄደ፤ ሁለተኛውም በዚሁ እየሄደ ነው። ሳልታረቅ ቢላዋ አይነካኝም፣ ብሞትስ?" ነው ያለችው።

ደሜ ፈላ። "ንገራት! እስከ ማታ ከቆየች ይሄም ዓይን የለም!"

"ነገርኳት።"

"እና?"

"ሽማግሎቹ ወንድሟን አስጠርተዋል፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይመጣል አለች።"

አንጁሎ መዳፎቹን ዘረጋልኝ። "ሚስቴ እምቢ ካለ እኛ ምን እናድርግ፣ ዶክተር?"

ኔትወርክ ያለው ከመንደሩ ጫፍ ካለው ድንጋይ ላይ ነው ብለውኝ ወጥቼ ዶክተር ታደሰ ጋ ደወልኩ። ምልክቶቹን ስነግራቸው አላስጨረሱኝም።

"አምጪያት። ፋርማሲውን አዘጋጃለሁ።"

"እምቢ ብላለች፣ ዶክተር። ተሸክመን መኪና ላይ ብንጭናትስ?"

"እንዳታደርጊው! በግድ ያመጣሽውን ሰው ክኒን እንዴት ታስውጪዋለሽ? ነገ ቀዶ ሕክምናውንስ ማን ይፈቅድልሻል? አሳምነሽ አምጪያት።" ስልኩ ተቋረጠ።

ድንጋዩ ላይ ቆሜ ሐይቁን ሳይ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ያቺን ዓይን አልለቅም። በሳይንስ ካልሆነ በሽማግሌ፣ በሽማግሌ ካልሆነ በልመና ትወርዳለች።

ዱቡሻ የሚሉት መሰብሰቢያቸው ከቤቱ ብዙም አይርቅም፤ ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋዮች ተደርድረዋል። ሽማግሎቹ የአየለችን ነገር ይዘው እዚያው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ሀላቃ ዳና አሉ፤ ሀላቃ አገሩ ሥርዓት እንዲጠብቅለት የመረጠው ሰው ነው። ጴጥሮስ ጆሮዬ ላይ፣ "ዶክተር ሕይወት፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ" አለኝ። ጫማዬ ጭቃ እንደለበሰ እጅ ነሥቼ ቆምኩ።

"አባቴ፣ ስለ አየለች ልለምንዎት ነው የመጣሁት።"

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉኝ በአማርኛ። "ቆሞ የሚናገር ሰው ይቸኩላል።"

ተቀመጥኩ። ዓይኗ ውስጥ ስለተጠራቀመው ውኃ፣ ስለሚታነቀው ነርቭ፣ ስለቀረን ጊዜ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"አንቺ የምትይው እውነት ነው" አሉ። "እሷ የምትለውም እውነት ነው። ልቧ ታስሮ ብትሄድ መድኃኒትሽ አይሠራላትም። ወንድሟን ጠርተናል፣ ይመጣል።"

"ወንድሟ የት ነው ያለው?"

"ጫኖ። እዚያ እርሻ ይዞ ወርዷል።"

ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ። "ጫኖማ መንገዳችን ነው!"

ሁሉም አዩኝ። ጴጥሮስ ሸሚዜን ጎተተ። እኔ ግን ጀምሬያለሁ። "አባቴ፣ እሱ ወደዚህ እስኪወጣ ለምን እንጠብቃለን? እናንተ ከእኛ ጋር ውረዱ። መኪና አለን። እዚያው ጫኖ አስታርቋቸው፣ ከዚያ እኔ እወስዳታለሁ።"

አንዱ ሽማግሌ በጋሞኛ በቁጣ ተናገሩ። ጴጥሮስ አጠር አድርጎ፣ "ዕርቅ ዱቡሻ ላይ ነው፣ መኪና ላይ አይደለም ነው የሚሉት" አለኝ። ሌላው ጨመሩ፤ ድምፁ ከፍና ዝቅ አለ። እኔ ሰዓቴን ላለማየት እጄን ብብቴ ውስጥ ደበቅሁ። ያቺ ሴት እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝታለች፣ ውኃው ይሞላል፣ እኛ ስለ ቦታ እንከራከራለን። ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ሀላቃ ዳና በመጨረሻ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ክርክሩ ቆመ። ከድንጋዮቹ ጥግ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሳር ነጩ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ጫኖም ከእኛ የወረዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ጥላ አለ። መኪናሽ ስንት ሰው ይችላል?"

ሰልፉን ለሌላ ቀን ቀጠርነው፤ አየለችም ዕርቁ ጫኖ እንደሚሆን ሲነግሯት እሺ አለችና ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ አስደግፈን አስቀመጥናት። ሀላቃው በግድ ከኋላ እንሆናለን ብለው ከሌሎቹ ሽማግሎችና ከአንጁሎ ጋር ፒክአፑ ላይ ወጡ፤ ካፊያው ሲጀምር ላስቲክ ለብሰው ተቀመጡ። እኔ ጉልበቴን አጥፌ በአየለችና በበሩ መካከል ተሸጉጬ፣ በየመታጠፊያው የሚያስመልሳትን በፌስታል እቀበላለሁ። መንገዱ ያንሸራትታል። ሾፌራችን "ሥላሴዎች" እያለ ይወርዳል። ጴጥሮስ ከኋላ ሆኖ ሽማግሎቹን ያስቃል፤ ሳቃቸው ሲሰማኝ ሁሉም ነገር ጤነኛ የሆነ ይመስለኝና አየለች ስታቃስት ደግሞ ይጠፋል።

ጫኖ ስንደርስ ወንድሟ ሻንካ ከአስፋልቱ ዳር የሙዝ ዘለላ እያስጫነ ነበር። ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ፊቱ የተኮሳተረ ሰው። መኪናችንን አየ፤ ከፊት ያለችውን አየ፤ ጀርባውን አዙሮ መጫኑን ቀጠለ።

"ሻንካ" አሉት ሀላቃው።

"ሙዙን አስጭኜ ነገ እወጣለሁ ብያለሁ፣ አባ።"

"ነገ ዓይን የለም" አልኩ እኔ፣ ሳልጠየቅ።

ገላመጠኝ። "አንቺ ማን ነሽ?"

"የእህትህ ሐኪም ነኝ። ነገ ብትታረቁ ፊትህን አታየውም። ዛሬ ታረቁ፣ ወይም እሷን አሳምንልኝና ልውሰዳት።"

"ዶክተር ስለቸኮለች እኔ አልታረቅም!"

ሀላቃ ዳና ከመኪናው ወርደው፣ ሌሎቹም ተከትለዋቸው፣ እርጥቡን ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ጭቃው ላይ። ነጠላቸው ቆሸሸ። በጋሞ ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ያንን ተሻግሮ የሚሄድ ሰው የለም። ሻንካ የያዘውን ሙዝ አስቀመጠ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘና፣ "ተነሡ፣ አባቶቼ፣ ተነሡ" አለ።

ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሀላቃውን ቀረብ ብዬ፣ "አባቴ፣ አጭር ይሁንልኝ" አልኳቸው። "አጭር ይሆናል፤ ጎዶሎ ግን አይሆንም" አሉኝ።

አየለች አንጁሎ ላይ ተደግፋ ቀድማ ተናገረች። ጴጥሮስ በሹክሹክታ ይተረጉምልኛል። አባታቸው የሞተ ጊዜ በለቅሶተኛው መሐል፣ "አንተ አባትህን ሳትጦር ገደልከው" ብላው ነበር። ሰው ሁሉ ሰምቷል። "ጦሮት ነበር። ከእኔ በላይ ጦሮት ነበር። አዝኜ ነው ያልኩት፤ ካልኩት በኋላ መመለስ አቃተኝ" አለችና አለቀሰች። እንባው የታመመውን ዓይን ሲያቃጥላት ጥርሷን ነከሰች።

የሻንካ ተራ ሆነ። ሥርዓቱ የበደልከውን ብቻ ሳይሆን የደረሰብህንም ተናገር ይላል።

"አምና ዓይኗን ሲያማት ተጠራሁ። አልሄድኩም። ሰው ቢልኩብኝ ተደበቅሁ" አለ። "ከዚያ ወዲህ እኔንም ይዞኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ማታ ከቅንድቤ በላይ ይወጋኛል። አምፖሉን ሳይ ዙሪያውን ቀስተ ደመና ይከበዋል። ተኝቼ ስነሳ ይተወኛል። ጎሜ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ብናገር ጥፋተኛ ነኝ ማለቴ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

ጴጥሮስ ይህን ሲተረጉምልኝ ድምፁ ተለወጠ። እሱም ገብቶታል። የዕርቅ ኑዛዜ እየሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ሰውየው ግን ከመማሪያ መጽሐፌ ገጽ ላይ እያነበበልኝ ነው። የውኃው መንገድ በከፊል ሲዘጋና ሲከፈት የሚሰማው ስሜት ይህ ነው። የዓይን ቅርጽ ደግሞ በዘር ይሄዳል፤ እህት ያላት ጠባብ ዓይን ወንድምም ሊኖረው ይችላል።

የዚያን ጊዜ ግን አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

ሀላቃው ሳሩን በሁለቱ ላይ አኖሩ፣ መረቁ፣ ሁላችንም አሜን አልን። ሻንካ ተነሥቶ እህቱን አንገቷን አቀፋት። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲንሰቀሰቅ አይቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ከዚያ መብራቴን አወጣሁ። "ሻንካ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት እይ።" ከጆሮው በኩል ብርሃኑን በዓይኑ ላይ አጋድሜ አበራሁ። በጤነኛ ዓይን ብርሃኑ እስከ አፍንጫው ጥግ ያልፋል። የእሱ ላይ ግማሹ ጥላ ሆነ። ሁለቱም ዓይኑ።

"ምንድን ነው?" አለ።

"መኪና ላይ ውጣ፤ እየሄድን እነግርሃለሁ።"

"ሙዙስ?"

"ሙዙን ሌላ ሰው ያስጭን!" ብለው የጮሁት ሀላቃ ዳና ናቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ዶክተር ታደሰ በር ላይ ቆመው ነበር። ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ ወጋናት፣ የዓይኗን ግፊት ለካን፤ መለኪያው ጫፉ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ውኃ ማመንጨቱን የሚቀንሰውን ክኒን አስዋጥናት፣ ጠብታ አደረግንላት፣ ስኳር እንደሌለባት አረጋገጥን። ከዚያ ፋርማሲው ለሕክምና ያዘጋጀውን ግሊሰሪን በሎሚ ጭማቂ በጥብጬ ብርጭቆውን ስሰጣት አንጁሎ እጄን ያዘኝ።

"ዶክተር! ይሄ እኮ ለእግር ነው! የሚቀቡት ነው!"

"ይሄኛው ለመጠጥ የተሠራ ነው። ውኃውን ከዓይኗ ስቦ ያወጣል።"

አንጁሎ አልተዋጠለትም። አየለች ግን፣ "ታርቄያለሁ፤ የሰጠችኝን ሁሉ እጠጣለሁ" ብላ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ፊቷን እንዴት እንዳጨማደደች እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሻንካ ከኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። እኔ በየጊዜው እየገባሁ ዓይኗን እለካለሁ። መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎም ምንም። ዶክተር ታደሰ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። "ከዘገየስ?" አልኳቸው። "ከዘገየ ዘገየ፤ አንቺ ለኪ" አሉኝ። እንደገና ስለካ የመለኪያው ቀስት ትንሽ ዝቅ አለ። ያታለለኝ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ወርዷል። ብሌን የሚያጠበውን ጠብታ ጨመርን። ፀሐይ ሳትጠልቅ አየለች ግንባሯን አስሮ የነበረውን ነጠላ ራሷ ፈታችው።

"ተወኝ" አለች። "ሕመሙ ተወኝ።"

ማየቷን ያወቅነው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ጭጋጉ ከጥቁሩ ላይ ተገፎ፣ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ጣቶቼን ሳሳያት ቆጠረች። ከዚያ በኋላ በቀዶ ሕክምና ክፍል ዶክተር ታደሰ በማጉያው ሥር የዓይኗ ቀለም ዳር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፈቱላት፤ ውኃው ዳግመኛ ቢታፈን ማምለጫ እንዲኖረው። ያኔ ይህን በደቂቃ የሚሠራው ሌዘር እኛ ጋ አልነበረም። እኔ ረዳት ነበርኩ።

ሻንካ ግን አስቸገረን። "እኔ እያየሁ ነው። የሚያይ ዓይን ለምን ይቀደዳል? ደግሞም ታርቄያለሁ፤ ጎሜው ለቆኛል" አለ። ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ የጫኖ ገበሬ መሆኑ ትዝ አለኝ።

"ከወንዙ ወደ ማሳህ ውኃ የሚያመጣው ቦይ አለህ አይደል? መውጫው በደለል እየጠበበ መሆኑን ካየህ ምን ታደርጋለህ?"

"እጠርገዋለሁ። ሌላ ማፍሰሻም እቀዳለታለሁ።"

"መቼ? ውኃው ሙዝህን ከጠራረገው በኋላ?"

ከአልጋዋ ላይ አየለች፣ "ይኸው እኔን እየኝ፤ ውኃው የጠራረገኝ እኔ ነኝ" አለችው። በማግሥቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ በየተራ ተሠራለት፤ ቀስተ ደመናውም ራስ ምታቱም ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ለእኔ ምን እንደለወጠ ልንገራችሁ። በዚያ ቀን መንገድ ላይ የቆምንበትን ጊዜ እንደ ባከነ ጊዜ ቆጥሬው ነበር። ባንቆም ኖሮ ግን ሻንካን አላገኘውም፤ ባገኘውም ለእኔ ለነጭ ጋዋኗ ያንን አይነግረኝም። የተናገረው ለሽማግሎቹና ለእህቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ፊቴ ሲቀመጥ መብራቴን ከማንሳቴ በፊት፣ "ምን ደረሰብህ? ከቤተ ሰብህስ እንዲህ የሆነ አለ?" እላለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ አሁንም ያታግለኛል። ትምህርቴን ስጨርስ አዲስ አበባ እንድቀር ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ ግን አርባ ምንጭን መረጥኩ፣ ዛሬ የማስተምራቸውን ወጣት ሐኪሞችም ይህን ታሪክ ሳልነግራቸው ወደ ደጋ አልልካቸውም።

እናንተም ይህን ያዙ፦ አንድ ዓይኑ ቀልቶ ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰውና እይታው የደበዘዘ ሰው ካያችሁ የወባ ክኒን አትፈልጉለት፤ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ አድርሱት። አንዱ ከታመመም እህት ወንድሙን አስመርምሩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የተሰናበቱ ቀን ነው። አየለች ዕቃዋን ራሷ ሸክፋ፣ ማንም እጇን ሳይዛት ደረጃውን ወርዳ ግቢው ውስጥ ትጠብቃለች። ሻንካ ወደ ኋላ ቀርቶ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። ኮፍያውን በእጁ ያሻሻል።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አምና ስጠራ ብመጣ ኖሮ... ያ ዓይኗ ይተርፍ ነበር?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ወዲያው ወርደው ቢሆን ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር። ውሸት ልናገር አልፈለግሁም፣ እውነቱን ለመናገርም አፌ እምቢ አለኝ። አየለች ከግቢው መሐል አይታን ኖሮ ተመልሳ ደረጃውን ወጣች። ምን እንደጠየቀኝ ከፊቱ አወቀችው መሰለኝ፣ ክንዱን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች።

"አትመልሺለት፣ ዶክተር" አለችኝ። "ይሄን ጨርሰናል።"

አልመለስኩለትም። እሷ ወንድሟን እየመራች በበሩ ወጣች።